«ስሜ የት ጋ ነው ያለው?»

ጠጋ በሉ። በሩ ገርበብ ብሏልና ዝጉት። አሁን የምነግራችሁ ነገር መድረክ ላይ አይነገርም።

እሑድ ጠዋት ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መብራቱ በርቷል፣ መዘምራኑ አንድ ዓይነት ለብሰዋል፣ አገልጋዮቹ ፊት ወንበር ላይ ተደርድረው ይሳሳቃሉ። አንዱ ሌላውን አቅፎ ጀርባውን ቸብ ቸብ ያደርገዋል። «የተወደደው ወንድማችን!» ይባላል፤ ጉባኤው «አሜን!» ይላል። ደስ ይላል። ብዙ ጊዜም ከልብ ነው።

ግን ማክሰኞ የት ነበራችሁ?

እኔ ቢሮ ነበርኩ። የቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው እሑድን ማየት የሚጀምረው ከማክሰኞ ነው። የስብከት ተራ የሚወጣው፣ የኮንፈረንሱ ፖስተር የሚታረመው፣ «እህቴ፣ እባክሽ ይቺን ነገር እንደገና እያት» የሚለው ስልክ የሚደወለው ያኔ ነው። እና አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአንድ መሪ ልብ እንዲገባችሁ ከፈለጋችሁ ስብከቱን ተዉት። ፖስተሩን አሳዩትና ዓይኑ መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ።

ቀኑን አያይም። ርእሱንም አያይም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ስሜ የት ጋ ነው ያለው?

ፖስተር ሲሠራ ያለውን ጣጣ ብታዩት! የማን ፎቶ ይተልቃል? ማን መሃል ይቀመጣል? አንዱ «መጋቢ» ተብሎ ሌላው «ሐዋርያ» ከተባለ ነገር አለ። ዲዛይን የሚሠራው ልጅ ሲያርም ያድራል። ባለ ፎቶው ራሱ ደውሎ «አተልቁልኝ» እንደማይል ደግሞ ዕወቁ። ነውር ነዋ! የሚደውለው ሌላ ሰው ነው፤ ረዳቱ፣ አለዚያም አብሮት የሚያገለግል ወጣት። «እሱ እንኳ ግድ የለውም፤ እኛ ነን ቅር ያለን» ይላል። ይቺን አባባል ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

መላ ተብሎ የተገኘው በፊደል ተራ መደርደር ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ማን ይከፋዋል? የዋህ አትሁኑ። በፊደል ተራ ከተሄደ ጴጥሮስና ጳውሎስ ራሳቸው ቢመጡ ስማቸው ከግርጌ ነው የሚገኘው። ስሙ በኋለኞቹ ፊደላት የሚጀምር አገልጋይ «በዕድሜ ቢሆን አይሻልም?» ይላል። ዕድሜው ያልደረሰለት ደግሞ «በፕሮግራሙ ቅደም ተከተል ይሁን» ይላል።

ያስቃል፤ እኛም ቢሮ ውስጥ እንስቃለን። ከሳቁ ሥር ያለው ግን አያስቅም። ሁለት አገልጋዮች ሲለያዩና ሕዝቡ ለሁለት ሲከፈል ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ምክንያት የትምህርት ልዩነት ነው፤ ወይም የአሠራር፣ ወይም የራእይ። ውስጡን ለቄስ። መጀመሪያ የሻከረው ነገር ምን እንደነበር ወረቀቱን ያተመች ሴት ታውቃለች።

የስም ቅደም ተከተል ተራ ነገር ከመሰላችሁ የሐዋርያት ሥራን አንድ ጊዜ በጸሐፊ ዓይን አንብቡት።

ምዕራፍ 11 ላይ በርናባስ ትልቅ ሰው ነው። መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖረ፣ ኢየሩሳሌም የምታምነው፣ ወደ አንጾኪያ የተላከ መሪ። ሳውል፣ ኋላ ጳውሎስ የተባለው፣ ደግሞ ጠርሴስ ነው ያለው። ገና ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚፈራው፣ ትናንት አማኞችን እያሳደደ ያስር የነበረ። የአንጾኪያ ሥራ ሲሰፋ በርናባስ ምን አደረገ? ተነሥቶ ጠርሴስ ሄደ። ፈልጎ አገኘውና ይዞት መጣ። መልእክተኛ አልላከም፤ ራሱ ሄደ! በመናገር የሚበልጠውን ሰው በገዛ እግሩ ሄዶ ያመጣ መሪ ስንት ታውቃላችሁ?

አሁን ስሞቹን ተከታተሉልኝ። መጀመሪያ በርናባስ ይቀድማል፤ ሳውል ይከተላል። ምዕራፍ 13 ላይ ከቆጵሮስ ሲነሡ ግን ጸሐፊው ሉቃስ ጳውሎስን ጠርቶ ሌሎቹን «አብረውት የነበሩ» በሚል ዓይነት ጠቅልሎ ያልፋቸዋል። በርናባስ በስሙ እንኳ አልተጠራም! ከዚያ ወዲያ በአብዛኛው ጳውሎስ ይቀድማል። ኢየሩሳሌም ሲመለሱ፣ ምዕራፍ 15 ላይ፣ ተራው እንደገና ይገለበጥና በርናባስ ፊት ይመጣል። እዚያ የሚታወቀው እሱ ነዋ። ይኼ የእኛ ቢሮ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሁሉ መገለባበጥ መካከል ስንት ስልክ ይደወል ነበር!

በርናባስ ግን ስለ ስሙ ተራ አንድ ቃል ሲናገር አናይም። ሉቃስ ሸፍኖለት ነው እንዳትሉ፤ የሁለቱን ጠብ አልሸፈነም። ተጣልተዋል፤ ክፉኛ፣ እስከ መለያየት። በምን ተጣሉ? በማርቆስ። ልጁ በፊተኛው ጉዞ መንገድ ላይ ጥሏቸው ተመልሶ ነበር። ጳውሎስ «አይሄድም» አለ፤ በርናባስ «ይሂድ» አለ። ስለ ራሱ ቦታ ዝም ያለ ሰው ለወጣቱ ቦታ ሲሆን ከጳውሎስ ጋር እንኳ ይሟገታል። ኋላ ጳውሎስ ራሱ በመጨረሻው ዘመኑ ማርቆስን ይዘህ ና፣ ይጠቅመኛል ብሎ ለጢሞቴዎስ ይጽፋል። ታዲያ ትሑት ሰው አይከራከርም ያላችሁ ማን ነው? ይከራከራል። ለማን እንደሚከራከር ነው ማየት።

ወደ እኛ ደጅ ልመልሳችሁ። አሁን ድምፄን ትንሽ ዝቅ ላድርግ፤ ስለ ትሕትና ነውና።

ጌታ በአንድ የፈሪሳዊ አለቃ ቤት ማዕድ ላይ እንግዶቹ የክብር ወንበር ሲሻሙ አይቶ፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ተቀመጡ ብሎ አስተምሯል። ያ ትምህርት ዛሬ ምን ሆነ መሰላችሁ? ዘዴ ሆነ። አንዳንዱ ሆን ብሎ ኋላ ይቀመጣል፤ አስተናጋጁ መጥቶ፣ እጁን ይዞ፣ በሕዝቡ መሃል አሳልፎ ፊት ወንበር እንዲያደርሰው። «ኧረ ግድ የለም፣ እዚሁ ይሻለኛል» ይላል። አስተናጋጆቹ ግን ያውቁታል። አንድ እሑድ አስተናጋጁ አዲስ ልጅ ሆነና ሳያውቀው የቀረ እንደሆነ፣ ሰኞ «የመስተንግዶ ክፍሉ ሥልጠና ያስፈልገዋል» የሚል አስተያየት ይመጣል።

አንገት መድፋት ትሕትና አይደለም። ድምፅን ማለስለስም፣ «እኔ ምንም አይደለሁም» ማለትም አይደለም። ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ንጉሡን ሳኦልን ውሰዱ። ሊነግሥ ሲፈለግ የት ተገኘ? ዕቃ መካከል ተደብቆ! እንዴት ያለ ትሑት ሰው ያሰኛል። ያው ሰው ነው ኋላ በዳዊት ላይ ጦር የወረወረው። መድረክ ፈርቶ መደበቅና ሌላው ሲነሣ መታገሥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ተፈጥሮ ይሰጣል፤ ለሁለተኛው ግን ጸጋ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ቅናት እንዴት እንደሚያወራ ላሰማችሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በስሙ ተጠርቶ አይገባም። ሱፍ ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ነው የሚገባው። እንዲህ ይላል፦

«ልጁ ጥሩ ነው፤ ግን ገና ይብሰል።»

«ሕዝቡ ወደ ሰው እንዳያይ ብዬ ነው።»

«እኔ እንጃ፣ መንፈሴ አላረፈበትም።»

«ለጸሎት ያህል ብቻ ነው የምነግርሽ።»

የመጨረሻዋ ትብሳለች። ሐሜት ሐሜት ከተባለ ቢያንስ የሚከለክል ሰው ይገኛል። የጸሎት ርእስ ከሆነ ማን ያስቆመዋል? ጸሎትን ማን ይከለክላል?

እነዚህ ንግግሮች ሁልጊዜ ሐሰት ናቸው ማለቴ አይደለም። ገና ያልበሰለ ሰው አለ፤ ጳውሎስም አዲስ አማኝ ወዲያው እንዳይሾም አስጠንቅቋል። ታዲያ እውነተኛው ስጋት ከቅናት በምን ይለያል? እኛ ወረቀት አገላባጮች አንድ ዘዴ አለን፤ ቀኑን እንጠይቃለን። ስጋቱ መቼ ጀመረ? ልጁ ወንበር ሲደረድር፣ ሳውንድ ሲስተም ሲሸከም ማንም አልሰጋለትም። ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጨበለት ሳምንት ግን ትምህርቱ ድንገት ያሳስበን ጀመር።

የሳኦልንም ቀን መጽሐፉ በግልጽ አስቀምጦታል። ዳዊት በገና ሲመታለት ይወደው ነበር። ጋሻ ጃግሬው አድርጎ ሾሞታል። ጎልያድን ሲጥልለትም ደስ ብሎታል። ከዚያ ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ወጡና ለሳኦል ሺህ፣ ለዳዊት እልፍ ቆጠሩ። በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኑ ተለወጠ፤ በማግሥቱ ጦሩ ተወረወረ። በገናው ያው በገና፣ ልጁም ያው ልጅ ነው። የተለወጠው የሕዝቡ ዘፈን ብቻ ነው።

በዚያው ቤት ደግሞ ዮናታን ነበር። ዙፋኑን የሚወርሰው እሱ ነው፤ ዳዊት ከተነሣ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም እሱ። እሱ ግን ካባውን አውልቆ ለዳዊት አለበሰው፤ ሰይፉን፣ ቀስቱን፣ መታጠቂያውን ጨመረለት። አባት ጦር ወረወረበት፤ ልጅ ሰይፍ ሰጠው።

ሌላው መለያ አድራሻው ነው። እውነተኛ ስጋት መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባለቤቱ ነው፤ ጌታም ወንድምህ ቢበድልህ አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው ብሏል። ቅናት ግን ሽማግሌዎቹ ጋ ይሄዳል፣ መዘምራኑ ጋ ይሄዳል፣ እኔ ቢሮ ይመጣል። አንድ ቤት ብቻ ይዘላል፤ የባለቤቱን።

ደግሞ የማይታወቅብን ይመስለናል! ጌታን የከሰሱት የሃይማኖት መሪዎች ክሳቸውን በሃይማኖትና በሕግ ቋንቋ አሳምረው ነበር። ጲላጦስ ግን በቅናት እንዳመጡት ያውቅ ነበር። ማቴዎስም ማርቆስም ይህን ሳይጽፉ አላለፉም። ቅዱሳት መጻሕፍትን የማያውቅ አረማዊ ገዥ በአንድ ጠዋት ያየውን እኛ ከሕዝቡ እንሸሽጋለን ብለን እንደክማለን።

ያዙልኝ ያልኳችሁን አባባል አሁን አምጡልኝ። «እሱ እንኳ ግድ የለውም፤ እኛ ነን ቅር ያለን።»

ትልቁ ምስጢር እዚህ ነው። የመሪ ቅናት እንደ ቡና ነው፤ አንድ ሰው ያፈላውና ሌላው ተጠርቶ ይጠጣዋል። የሚያፈላው ደግሞ ጠላት አይደለም፤ ከልቡ የሚወደው የቅርብ ሰው ነው። ኤልዳድና ሞዳድ በሰፈር ውስጥ ትንቢት ሲናገሩ «ከልክላቸው» ያለው ማን ነው? ኢያሱ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያገለገለው ታማኝ ሰው። ሙሴ መልሶ ስለ እኔ ነው የምትቀናው ብሎ ጠየቀውና ሕዝቡ ሁሉ ነቢይ ቢሆን ተመኘ። መጥምቁ ዮሐንስም ዘንድ ሰው ሁሉ ወደ ኢየሱስ እየሄደ ነው የሚል ወሬ ይዘው የመጡት የገዛ ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። እሱ ደግሞ ራሱን እንደ ሙሽራው ሚዜ ቆጥሮ ደስታዬ ተፈጸመ አለ። ሙሴም ዮሐንስም የተፈተኑት በቤታቸው ሰው ነው። ሁለቱም የቀረበላቸውን ስኒ አልተቀበሉም።

እኔም አንድ ጊዜ ስኒው ሲመለስ አይቻለሁ። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ ቢሰሙ አይወዱም። ሽማግሌ መጋቢ ናቸው። አንድ ወጣት ሰባኪ ስብከቱ በቴሌግራም ተሰራጭቶ ሰው ሁሉ ስለ እሱ ብቻ ያወራ ነበር። ከታማኞቻቸው አንዱ ገባና በሩን ዘጋ። እኔ ጥግ ላይ ፋይል እየለየሁ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ግድ አይሰጥዎት ይሆናል፤ እኛ ግን ቅር ብሎናል። ሕዝቡ እኮ ወደ ልጁ እየሄደ ነው» አለ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ስልካቸውን አንሥተው ደወሉና ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ እዚህ ስለ አንተ ነገር መጥቶልኛል። አንተ በሌለህበት መስማት ከበደኝ። ይኸው ወንድምህ ይነግርሃል» አሉ። ሰውዬው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኧረ ምንም አይደል፤ ሰላም ልልህ ነው» አለና ተሰናብቶ ወጣ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ያን በር አላንኳኳም።

ከወጣ በኋላ የተናገሩትን ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። «ነክቶኛል፤ አልዋሽሽም። አሁን ካላሸነፍኩት ማታ ያሸንፈኛል» አሉኝ። ከዚያ «የስብከት ተራውን አምጪው» አሉ። የትንሣኤው ስብከት በስማቸው ተይዞ ነበር። ትንሣኤ! ቤቱ ሞልቶ ሰው ውጭ ድንኳን ውስጥ የሚቆምበት ቀን። ስማቸውን በገዛ እስክሪብቷቸው ሰረዙና የልጁን ስም ጻፉበት። በዕለቱ ፊት ወንበር ላይ ደብተራቸውን ዘርግተው ልጁ የሚለውን ሲጽፉ ዋሉ።

አያችሁ? ያመማቸው ሰው ናቸው። ትሑት ሰው አይቀናም ማለት አይደለም፤ ስሜቱን አውቆ፣ ሳያድር እርምጃ የሚወስድበት ሰው ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የአንድ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የአገራችንን ታሪክ ልጨምር። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿን አሰረ። አባላቷ ያኔ 5,000 ገደማ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ በአደባባይ ሲሰበሰቡ 34,000 ገደማ ሆነው ተገኙ። በእነዚያ ዓመታት ፖስተር የለም፤ ማይክ የለም፤ ፊት ወንበርም የለም። ጥቂት ጥቂት ሰው ሆነው በየሰው ቤት ይሰበሰቡ ነበር፤ ድምፅ እንዳይሰማ በሹክሹክታ ይጸልዩ ነበር። ብዙ ሸክም የተሸከሙት ሴቶች ናቸው። ስምህ ወረቀት ላይ ቢገኝ የሚጠብቅህ ምርመራ እንጂ ጭብጨባ አይደለም። የዚያ ዘመን ሰዎች መላእክት አልነበሩም። ቅናት የሚቆምበት መድረክ ግን ጠቦት ነበር። ዛሬ መድረኩ ተመልሷል፣ ተመስገን! ያኔ ዘመኑ ያስገደደንን ዝቅታ ዛሬ ወደን ልንመርጠው ግድ ነው፤ ከባዱም ይኼ ነው።

ጎረቤትም ሄደን ብንማር አይከፋም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሁለት ሲኖዶስ ነበር፤ አንዱ በአገር ቤት፣ አንዱ በስደት። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ታረቁ። አቡነ መርቆሬዎስ ከአሜሪካ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ስምምነቱ ምን ነበር? አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን ይመሩ፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ ይቀጥሉ፣ የሁለቱም ፓትርያርኮች ስም በጸሎት ይነሣ። አቡነ መርቆሬዎስም በ2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ በአገራቸው በፓትርያርክነት ክብር ኖሩ። በስም ተራ ስንት ኮንፈረንስ ሲታመስ ያየሁ ሴት ሁለት ስም በአንድ ጸሎት ሲጠራ ብሰማ እንዴት አልደነቅ?

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እሱን ሳልነግራችሁ አልለቃችሁም።

ከመድረክ ብዙ ኑዛዜ ሰምቻለሁ። አገልጋይ ቆሞ «ጸሎቴ ቀዝቅዞ ነበር» ይላል። «ቁጡ ነበርኩ» ይላል። የገንዘብ ፍቅር እንኳ ይናዘዛል። «ወንድሜ ሲከብር ቀናሁ» የሚል መሪ ግን ከመድረክ ሰምቼ አላውቅም። ሌላው ኃጢአት ጠንካራ ሰው የወደቀበት ያስመስላል፤ ይኼኛው ግን ትንሽነታችንን ያጋልጣል። ስለዚህ ሱፉን እንደለበሰ ይኖራል።

የትሕትና ሥር የት እንደሆነ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ታገኙታላችሁ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሊያጥብ ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር ተጽፏል፦ አብ ሁሉን በእጁ እንደሰጠው፣ ከእግዚአብሔር እንደመጣና ወደ እግዚአብሔር እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ፎጣውን ያነሣው ይህን እያወቀ ነው። በገዛ ዓይኑ ታናሽ የነበረው ሳኦል ጦር አነሣ፤ ሁሉ በእጁ እንደሆነ ያወቀው ጌታ ፎጣ አነሣ። ማን እንደሆነ ያወቀ ሰው ስሙ የት ጋ እንደተጻፈ አይፈልግም። ጳውሎስም በእስር ላይ ሳለ አንዳንዶች በቅናት ተነሥተው፣ መከራ ሊጨምሩበት እየፈለጉ ሲሰብኩ፣ ክርስቶስ ይሰበክ እንጂ ደስ ይለኛል ያለው በዚሁ ዕረፍት ነው። ወንበሩ የእሱ አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም ሊቀማው አልቻለም።

እና መሪ ከሆናችሁ፣ የሽማግሌዎች ጉባኤ አባል ብትሆኑ፣ የመዘምራን አስተባባሪ ብትሆኑ፣ ወይም እንደ እኔ ቢሮ ብትቀመጡ፣ አሁን አንድ ሰው ትዝ ብሏችኋል። እሱን ነው የምለው። ስሙን አንሥታችሁ ጸልዩለት፤ እንዲበስል ሳይሆን እንዲሳካለት። ቅር ያላችሁ ነገር ካለ ለሌላ ሳታወሩ ለእሱ ንገሩት። ከዚያ ለራሳችሁ ከያዛችሁት ሁሉ የምትሳሱለትን አንድ ቀን ስጡት፤ የተረፈውን ሳይሆን የምትሳሱለትን። የስብከት ተራው ማክሰኞ ነው የሚወጣው። ሰኞ ማታ ደውሉ።